በአንድ ድምፀ ተአቅቦ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር፤ ስናደድ አያስታውቅብኝም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «እሺ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ዘንድሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ሀዋሳ ስመጣም ከሻንጣዬ ጋር ይዣት የመጣሁት እሷኑ ነው። ፕሮክተሯ የሌላ ሰው አልጋ ሥር ጥረጊ ስትለኝ እሺ። ሲኒየሮች ካፌ ወንበር ያዢልን ሲሉኝ እሺ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ «ትንሽ ጠጋ በይ» ሲለኝ እሺ ብዬ ስጠጋ፣ ስጠጋ፣ በሌላኛው በር ወርጄ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሲናደድ ንዴቱ መውጫውን ስለማያውቀው ወረቀት ላይ ይወጣል።

ነገሩ የጀመረው ግን ከመልካም ነው። ድምፅ ቀርፀን፣ ቆርጠንና ቀጥለን የምናቀርበው የቡድን ሥራ ታዘዘ። ተማሪው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ወደ ከተማ ሱቆች ወረደና «ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም አስጭኖ ተመለሰ። ክራክ ማለት ቁልፉ ተሰብሮ የሚታደል ፕሮግራም ነው። እኔ የተሰበረ ነገር ስለምፈራ ላይብረሪ ተቀምጬ ስፈልግ ነፃ ሶፍትዌር የሚባል ነገር አገኘሁ። ይኸኛው ከመጀመሪያውም ቁልፍ የለውም። ትጭነዋለህ፣ ለጓደኛህ ትሰጠዋለህ፣ ውስጡን ከፍተህ ታየዋለህ፣ ካልጣመህ ትለውጠዋለህ፤ ማንንም አታስፈቅድም። ላጲስ ለመዋስ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ለምትጠይቅ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ለዶርም ጓደኛዬ ለብርቱካን ነገርኳት። ብርቱካን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቡሹሎ ልጅ ናት፤ ነገር ሲጋነን አትወድም።

«እና አዲሱ ምኑ ነው?» አለችኝ። «እዚህ አገር ሁሉም ሶፍትዌር ነፃ ነው። ፍላሽ ይዞ መሄድ ነው።»

«እሱ የተሰረቀ ነው፤ ይሄ የተሰጠ ነው።»

«ሁለቱም ይከፈታሉ?»

«ይከፈታሉ።»

«እንግዲያው አንቺ ስበኪ፤ እኔ ልተኛ።»

ብርቱካን የነቃችው የእናቷ ነገር ሲመጣ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ማርታ፣ እኔ እትዬ ማርታ የምላቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ፊት ቆመው ብቻቸውን የሚዘምሩ ሴት ነበሩ። የብርቱካን ታላቅ እህት አግብታ ከቤት ስትወጣ ሊዘምሩላት አስበው አንድ መዝሙር በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ደረሱ። ሠርጉ ከመድረሱ በፊት ግን የእንቅርት ቀዶ ጥገና ቀጠሮ መጣ። ሐኪሙ «ድምፅዎ ሊጎዳ ይችላል» ስላሏቸው፣ ለማንኛውም ብለው ከቀጠሮው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ መዝሙሩን ከመዘምራኑ ጋር አስቀረጹት። ሐኪሙ የፈሩት ደረሰ። እንቅርቱ ወጣ፣ ድምፃቸውም አብሮት ሄደ፤ አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። የቀድሞው ድምፃቸው በዚህ ዓለም ላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች የጋሽ ማርቆስ ላፕቶፕ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ደግሞ ክራክ ነው።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን፣ ሰኞ ዕለት ጋሽ ማርቆስ ድምፁን አስተካክለው ሊያወጡ ሲከፍቱት ፕሮግራሙ አላስገባም አላቸው። ብርቱካን እኔን ይዛ ቡሹሎ ሄደች። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላይ በእንግሊዝኛ ቀይ ጽሑፍ ወጥቶበታል።

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሽ ማርቆስ።

«ፈቃድዎ አልቋል ይላል፣ ጋሼ።»

«የኔ ፈቃድ አላለቀም» አሉ ቆጣ ብለው። «ከጠዋት ጀምሮ ፈቃደኛ ነኝ።»

«የእርስዎ ሳይሆን የፕሮግራሙ ባለቤት ፈቃድ ነው።»

«ባለቤቱ መዝሙሩን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«ማርታንስ?»

«እሳቸውንም አያውቃቸውም።»

«ታዲያ እሱ ማን ሆኖ ነው ማርታን የሚቆልፍብን?»

ስለ ነፃ ሶፍትዌር ላይብረሪ ውስጥ ብዙ ገጽ አንብቤአለሁ፤ ይህን ያህል አሳጥሮ የጻፈ አላገኘሁም። መናደድ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ሰው ከገዛ ጉሮሮው ያወጣውን ድምፅ ለመስማት የማያውቀውን ሰው ማስፈቀድ አለበት?

ይህን እያሰብኩ ሳለ ጋሽ ማርቆስ የላፕቶፑን ገመድ በእግራቸው ነኩት፤ ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ለካ ባትሪውም ሞቷል። እኔም ላጽናናቸው ብዬ፣ እውነት ለማጽናናት ነው፣ «ውይ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አልኩ።

ብርቱካን እግሬን ረገጠችኝ። እትዬ ማርታ አንገታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ ነካ አደረጉና ለልጃቸው አንድ ነገር ሹክ አሉ።

«ምን አሉ?» አልኩ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እየተመኘሁ።

«'እንቅርቱ ወጥቷል፤ ጆሮ ደግፉን አንቺ ተሸከሚው' ትላለች።»

እትዬ ማርታ ትከሻቸው እየተነቃነቀ ሳቁ፤ ሳቃቸውም ድምፅ አልነበረውም። እኔ ግን አፍሬ ስለነበር አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ቃል ገባ። «እስከ ዓርብ ማህበራችን ያወጣዋል» አልኩ።

ማህበር አልነበረንም።

ራስሽ ለምን አልሞከርሽም ትሉኝ ይሆናል። ከቡድን ሥራ ያለፈ ድምፅ ቆርጬ አላውቅም፤ ብነካካው የቀረችው ድምፅም ብትጠፋብኝስ ብዬ ፈራሁ። አዋቂ ልሰበስብ አሰብኩ። ማክሰኞ ጠዋት በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ማስታወቂያ ጽፌ ግቢ ውስጥ ለጠፍኩ፦ «የድምፅ ችግር አለባችሁ? ኑ፣ በነፃ ሶፍትዌር ነፃ እንውጣ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከላይብረሪው ጀርባ ባለው ክፍል።»

ሙጫው ሳይደርቅ የጥበቃ ሠራተኛው መጡ። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ከማን ነው ነፃ የምትወጡት?»

«ከክራክ ነው፣ ጋሼ።»

«ክራክ የሚባል ኃላፊ እዚህ ግቢ አላውቅም። አዲስ ነው?»

«ሰው አይደለም። የተሰበረ ፕሮግራም ነው።»

«ፕሮግራሙ ከተሰበረ ስብሰባው ይቅራ።» ጥቂት አሰቡና አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ነፃ መውጣት የሚባል ነገር ብቻውን አይጻፍም። 'በሰላም' የሚል ጨምሪበት።»

እሺ አልኩ። ጨመርኩበት። እነሆ ማስታወቂያው «በሰላም ነፃ እንውጣ» ሆነና የጸሎት ጥሪ መሰለ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ክፍሉ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያገኘሁት ተማሪ አልነበረም። ካፌ ውስጥ የሚሠሩት እትዬ ዘነበች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«ነፃ የሚያወጣው አገልጋይ የታለ?» አሉኝ።

«አገልጋይ የለም። ምን ሆኑ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ባሌ ነው። ተኝቶ የሚያወጣው ድምፅ ጎረቤት አስለቅቋል። ማንኮራፋት ብቻ አይመስለኝም፤ የሆነ መንፈስ አለበት።»

ስለ ድምፅ ፕሮግራም እንጂ ስለ መንፈስ አለመሆኑን በትህትና አስረዳኋቸው።

«ድምፅ እንቆርጣለን አላልሽም?»

«እንቆርጣለን።»

«ታዲያ የሱን ምን አቃታችሁ?» ብለው ገብተው ተቀመጡ። ከእሳቸው ኋላ ሌሎች ገቡ። ሁለቱ የመጡት ነፃ ፍላሽ ይታደላል ብለው ነው። አብዛኞቹ ገና ሳይቀመጡ «ሰርተፍኬት አለው?» አሉኝ። የለውም ማለት አልሆንልኝ ሲል «ይታሰብበታል» አልኩ፤ ይህችን መልስ ከየት እንደተማርኳት አላውቅም። በመጨረሻ አቤል ገባ።

አቤል አራተኛ ዓመት ነው። በግቢው ውስጥ ካሉት ክበቦች እሱ ያልሰበሰባቸው ጥቂት ናቸው። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ «የተከበራችሁ» ይላል። ስለ ጋሽ ማርቆስ ላፕቶፕ መናገር ስጀምር እጁን በቀስታ አነሳ።

«እህቴ፣ ጉዳዩ ከባድ ነው። ከባድ ጉዳይ ደግሞ ያለ ሰብሳቢ አይታይም። በቅድሚያ ድምፅ እንስጥ።»

ድምፅ ሲል እኔ መቅረጫውን መስሎኝ ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩ። ለካ ምርጫ ነው። አቤል ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ። እትዬ ዘነበች ሰው ሲናገር አንገታቸውን ስለሚነቀንቁ ምክትል ሆኑ። እኔ ጽሑፌ ንጹሕ ነው ተብሎ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። እሺ አልኩ። ሰዓቱ አለቀ፤ ሁሉም ተጨብጭቦለት ተበተነ።

ሐሙስ ስለ ስም ነበር። ክበብ እንባል፣ ማህበር እንባል ወይስ ንቅናቄ? ክበብ ያሉት ክበብ ለሕፃናት ነው ተባሉ። ንቅናቄ ላሉት የጥበቃ ሠራተኛውን አስታወስኳቸው። «ነፃ» የሚለውስ ይኑር ይውጣ? እትዬ ዘነበች ይኑር አሉ፤ ባላቸውን አስበው ነው። በመሃል አንድ ጊዜ ተነስቼ «እሑድ ሠርግ አለ» አልኩ። አቤል «በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እናየዋለን» አለኝ፤ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ስንደርስ ሰዓቱ አልቆ ነበር። ስንወጣ ክፍሉ ለማህበሩ እንዲፈቀድልን ማህተም ያለው ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ፣ ማህተም ለማስቀረጽ ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። ፈቃድ። ጋሽ ማርቆስን የዘጋባቸው ቃል እዚህም ቀድሞኝ በር ላይ ቆሟል። ዶርም ገብቼ ትራሴን በጡጫ መታሁት፣ ቀጥሎም አስተካከልኩት።

«ዛሬስ ተከፈተ?» አለችኝ ብርቱካን።

«ስም አወጣን።»

«ለማን?»



ዓርብ፣ ማህበሩ ይከፍትልናል ብለው ተስፋ አድርገው፣ ጋሽ ማርቆስ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው፣ እትዬ ማርታን ይዘው በባጃጅ መጡ። ብርቱካንም አብራን ገባች። አቤል ለእንግዶቹ የፊት ወንበር አስለቀቀላቸው፤ በዚህ አላማውም። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ፦

«የተከበራችሁ አባላትና የክብር እንግዶች፤ የላፕቶፑን ችግር በጥልቀት አጥንቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሪፖርት የሚያቀርብ የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም የውሳኔ ሐሳብ ቀርቧል። የምትደግፉ።»

እጆች ወጡ። ጋሽ ማርቆስ አብረው አወጡ፤ ሰው የሚያወጣውን እጅ አለማውጣት ነውር መስሏቸው ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ? እኔም አወጣሁ። ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው፣ ሪፖርቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ይህን በገዛ እጄ ቃለ ጉባኤ ላይ እየጻፍኩ በሌላኛው እጄ ደገፍኩት። ብርቱካን የእኔን እጅ አየችና፣ አዋቂዋ እሷ ናት ብላ፣ የሷንም አወጣች።

«ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ?» አቤል ቆጠረ። እጃቸውን ያላወጡት እትዬ ማርታ ብቻ ነበሩ። «በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል። እናት፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉበትን ምክንያት ለቃለ ጉባኤው ቢገልጹልን?»

የእትዬ ማርታ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ምንም አልተሰማም።

«ይቅርታ፣ እናት፤ ድምፅዎን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልን።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ።

«ድምፅ የላቸውም!» አልኩ። ይህን ያለው ሰው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሁሉም ወደ እኔ ሲዞር ነው። «ድምፅ የላቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅ የምንሰጣጠው ድምፃቸውን ላጡ ሴት ነው። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ይህን ላፕቶፕ አልከፈተም። እኔም አልከፈትኩም።»

«ሥነ ሥርዓት» አለ አቤል። «እጅሽን አውጥተሽ፣ ተራሽን ጠብቀሽ...»

«እምቢ» አልኩ።

ቃሏ አፌ ውስጥ እንዳለች እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ ትንሽ ትኮረኩራለች።

ቃለ ጉባኤውን ዘግቼ ላፕቶፑን ከፎጣው አወጣሁ፤ ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰካሁና እንዳይነካ ብርቱካንን አጠገቡ አቆምኳት። ከፍላሼ ነፃውን ፕሮግራም ጫንኩ። ከዚያ ያን ቀይ ጽሑፍ የሚያወጣውን ትቼ፣ ጋሽ ማርቆስ መዝሙሩን ያስቀመጡበትን ፎልደር ከፈትኩ። ፎልደሩ ውስጥ ሌላ ፎልደር አለ። እሱ ውስጥ የድምፅ ፋይሎች፣ ከአንድ ጀምሮ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። የተቆለፈው መቁረጫና ማቀናበሪያው ነበር እንጂ የተቀረጸው ድምፅ ከበሩ ውጭ ደጅ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰኞ ዕለት አንድ ጊዜ ጠቅ ባደርገው ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ፣ እትዬ ዘነበችም ምክትል ሰብሳቢ ባልሆኑ።

አንደኛው ኪቦርድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሳል። ሦስተኛውን ከፈትኩ።

የሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ወፍራም፣ የጠራ፣ የተቆጣ። መዝሙር አይደለም። በሲዳሙ አፎ አንድ ሰው እየተቆጣ ነው። ጋሽ ማርቆስ አንገታቸውን ደፉ። ብርቱካን አፏን በእጇ ያዘች።

«ማናቸው?» አልኩ፤ መልሱን እያወቅሁ።

«እማዬ ናት።»

«ምን እያሉ ነው?»

ብርቱካን ወደ አቤል ዞር ብላ አየችና ተረጎመች። «'ሰብሳቢ በኋላ ትመርጣላችሁ። አሁን ዘምሩ' እያለች ነው።»

«ያን ቀን የመዘምራን ሰብሳቢ እየመረጥን ነበር» አሉ ጋሽ ማርቆስ ቀስ ብለው። «ቀረጻው መከፈቱን አላወቅንም።»

ከዚያ መዝሙሩ ተጀመረ። ቃሉ አይገባኝም። ግን እናት ልጇን ስትሸኝ ምን እንደምትል ቋንቋ አያስፈልገውም። እትዬ ማርታ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ከንፈራቸው ከራሳቸው ድምፅ ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንዲት ቃል አልሳቱም። አቤል ተቀመጠ። አቤል ሲቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀሪው ሥራ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው። ድምፁን ከኪቦርዱ ጋር አገጣጠምኩ፤ ስሳሳት መመለሻውን እየነካሁ እንደገና ሞከርኩ። ሰዎቹ ወንበራቸውን ትተው ከጀርባዬ ቆሙ። «እሷ ሳል ናት፣ ቁረጫት» ይላሉ እትዬ ዘነበች። ለፍላሽ የመጡት ሁለቱ የራሳቸውን ፍላሽ አወጡና «ይሄ ፕሮግራም ለኛም ይሰጠናል?» አሉ። ይሰጣል አልኳቸው፤ ማንንም ሳታስፈቅዱ ለሌላም ስጡ። ብርቱካን የፕሮግራሙን የትእዛዝ ዝርዝር እያየች «ይሄ 'ቁረጥ'፣ 'ለጥፍ' የሚለው ወደ ሲዳሙ አፎ ይመለሳል?» አለችኝ። ይመለሳል አልኳት። «ማን ይመልሰዋል?» አለች። ዞር ብዬ አየኋት። «አንቺ ነሽ እንዳትይኝ» አለች፤ ማታውኑ ግን ደብተሯ ላይ ቃላት ስትጽፍ አገኘኋት። ማህበር ከተባለ የኛ ማህበር የተመሠረተው ያኔ፣ ሁሉም ቆሞ ሳለ ነው። ቃለ ጉባኤ አልተያዘበትም። ያዡ እኔ ነበርኩ፤ እጄ ሥራ ላይ ነበር።

በመጨረሻ ያቺን ቁጣ ልቆርጣት የፕሮግራሙን መቀስ አነሳሁ። ሠርግ ላይ ቁጣ ምን ይሠራል? እትዬ ማርታ እጄን ያዙኝ። ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብለው በአማርኛ ሹክ አሉኝ።

«አትቁረጪው። እሱም እኔ ነኝ።»

እሺ አልኩ። በሕይወቴ ካልኳቸው እሺዎች የማልጸጸትበት ይህ ነው።

በነጋታው አቤል ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ማህበራችን የመጀመሪያ ተግባሩን በብቃት አጠናቀቀ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ፤ ንዑስ ኮሚቴውንም አመሰገነ። ንዑስ ኮሚቴው ገና አልተቋቋመም። በዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ተናድጄአለሁ፤ ወደፊትም ለመናደድ አስቤአለሁ።

እሑድ ቡሹሎ ድንኳን ተጥሎ ሰው ሞልቷል። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል አንድ የቤተሰቡ ሽማግሌ ማይኩን ይዘው ምክር ጀመሩ። ምክሩ መልካም ነበር፤ ማለቂያ አልነበረውም እንጂ። «በሦስተኛ ደረጃ» ብለው ጥቂት ከሄዱ በኋላ «በሁለተኛ ደረጃ ያልኩትን ላብራራ» አሉ። ሙሽራዋ ደክሟት እግሯን ቀየረች። እትዬ ማርታ ወደ ጋሽ ማርቆስ አዩ። ጋሽ ማርቆስ ላፕቶፑን ነኩ።

ያ የተቆጣ ድምፅ ከድንኳኑ ስፒከሮች ወጣ፦ ሰብሳቢ በኋላ ትመርጣላችሁ፤ አሁን ዘምሩ።

ሽማግሌው ማይኩን ይዘው ደርቀው ቀሩ። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ።

«ይህ የማን ድምፅ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

እትዬ ማርታ እጃቸውን አወጡ።